ጅራቱ በፊት የሆነው አይሮፕላን

መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣለውን ነገር ተማሪው እንደ እውነት ተቀብሎ ወደ ደብተሩ ይገለብጠዋል። ስለዚህ የመምህር ጠመኔ በተሳሳተ ጊዜ ስሕተቱ በአንድ ሰሌዳ ላይ አይቀርም፤ በአርባና በሃምሳ ደብተር ተባዝቶ ወደየቤቱ ይሄዳል። እኛም ሃያ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ስለ ሁለቱ የራይት ወንድማማቾች በምናስተምርበት ቀን የእነርሱን አይሮፕላን በሰሌዳ ላይ እንሥል ነበር። ሥዕላችንም ከሆዱ በታች መንኰራኵር፥ ከአፍንጫው ላይ ፕሮፔለር፥ ከኋላው ደግሞ ጅራት ነበረው። ይህን ሁሉ የሣልነው አይተን ሳይሆን አይሮፕላን የተባለ ሁሉ እንዲህ ነው ብለን በማሰብ ነበር። ከተማሪዎቻችንም መካከል «ተሳስተዋል» ያለን አንድ ስንኳ አልነበረም።

ባለፈው ክረምት ግን የማያዳላ ዳኛ ፊት ቀረብን። ያ ዳኛ በአሜሪካ አገር፥ በኦሃዮ ግዛት፥ ዴይተን በተባለች ከተማ የሚገኝ አሮጌ አይሮፕላን ነው። እንዴት እንደ ደረስንበትና ከእርሱ ዘንድ ምን ተምረን እንደ ተመለስን ለአንባቢያን ብናወጋ፥ ልጅ ለሚያሳድግ ቤተሰብ ሁሉ የሚጠቅም ነገር አይጠፋበትም ብለን ተስፋ እናደርጋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

እኅታችን ከባለቤቷና ከልጇ ጋር የምትኖረው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚገኙባት በኮሎምበስ ከተማ ነው። ልጅዋ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። አማርኛ ሲነገር ይሰማል፤ መልሱ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ከእኛ ጋር በአንድ ገበታ መቅረብ ከጀመረ ሳምንት ሲሞላው ከ«እሺ» እና ከ«ደኅና» በቀር ሌላ የአማርኛ ቃል ከአፉ አልሰማንም። አንድ ማታ እኅታችን ቡና ስታፈላ ቈይታ፥ «ወንድም ጋሼ፥ የሰው ልጅ ሁሉ ስታስተምር ኖረህ የእኔን ልጅ እንዲህ ዝም ትለዋለህ?» አለችን። ነገሩ ሌሊቱን ሁሉ ሲከነክነን ዐደረ።

ምክር ብንጀምር እንደሚሸሸን ዐወቅን። ስለዚህ በማግሥቱ መስመር የሌላቸው ሁለት ደብተሮች፥ አራት እርሳሶችና ሁለት ላጲሶች ገዝተን፥ «ነገ አይሮፕላን ወደ ተሠራበት ከተማ እንሄዳለን። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ያየነውን ነገር ሳንሥለው ፎቶግራፍ አናነሣውም» አልነው። ልጁ ስልኩንና ደብተሩን እያፈራረቀ ተመለከተና «እሺ» አለ።

ዴይተን ከኮሎምበስ በስተ ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አማቻችን በማለዳ በመኪናው አደረሰንና መጀመሪያ የገባነው የከተማይቱ ታሪክ ወደሚገኝበት ወደ ካሪሎን ታሪካዊ መናፈሻ ነው። ስፍራው ስሙን ያገኘው በ1942 ከተሠራው ረጅም የደወል ማማ ሲሆን፥ መናፈሻው ራሱ ለሕዝብ የተከፈተው በ1950 ነው። ያቋቋሙትም ኤድዋርድ ዲድስ የተባሉት መሐንዲስና ባለቤታቸው ናቸው። የዴይተን ሰዎች የኖሩበትና የሠሩበት ዕቃ በየቤቱ ተደርድሯል። በ1796 ከግንድ የተሠራው የኒውኮም የእንግዳ ማረፊያ በዚያ አለ። በዚችው ከተማ በ1879 የተፈለሰፈው የገንዘብ መመዝገቢያ መኪናም አለ። በ1913 በመጋቢት ወር ወንዙ ሞልቶ በሸለቆው ከ360 የሚበልጥ ሰው የገደለበት የጎርፍ ታሪክም ይነገራል።

ልጁ የግንዱን ቤት በአምስት ደቂቃ ሥሎ ጨረሰና ደብተሩን አጠፈ። እኛም «ግድግዳው ስንት ግንድ ነው?» ብለን ጠየቅነው። አልቈጠረም ነበር። ተመልሶ ሲቈጥር ሳለ ከማዕዘኑ ላይ ቆመ። ግንዶቹ በጫፋቸው እየተቦረቦሩ አንዱ በሌላው ላይ ተቀምጠዋል። ጣቱን ወደዚያ እየጠቆመ የጥርስን ስም በእንግሊዝኛ ተናገረ። እኛም «ጥርስ» አልነው። ጥቂት ቈይቶ በዝቅተኛ ድምፅ፥ «እንደ ጥርስ» አለ። በሳምንቱ ውስጥ ከአፉ የሰማነው የመጀመሪያው አዲስ ቃል ይህ ነበር።

ከዚህ በኋላ የራይት ወንድማማቾች አይሮፕላን ወደሚገኝበት አዳራሽ ገባን። ወንድማማቾቹ በ1903 ታኅሣሥ 17 ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረሩበት አይሮፕላን የሚገኘው በዋሽንግተን ነው። በዴይተን ያለው በ1905 የሠሩት ሦስተኛው ነው። የአዳራሹ መካከል ዝቅ ተደርጎ ስለ ተሠራ ጎብኚው አይሮፕላኑን ከዳር ሆኖ ቁልቁል ያየዋል። ይህን ያሰበው ታናሽዮው ወንድም ኦርቪል ራይት ነው። አይሮፕላኑ ሲታደስ ሥራውን በምክሩ ይመራ ነበርና፤ ይሁን እንጂ አዳራሹ ሳይከፈት በ1948 በጥር ወር ዐረፈ።

እኛ በአንድ ወገን፥ ልጁ በሌላው ወገን ቆመን መሣል ጀመርን። ክንፎቹን፥ በክንፎቹ መካከል የቆሙትን እንጨቶች፥ የተወጠሩትን ሽቦዎች ሣልን። ግማሽ ሰዓት ከሆነ በኋላ ልጁ ዞሮ መጣና በትከሻችን ላይ አሻግሮ ደብተራችንን አየ። አየና፥ «ጋሼ፥ ይኼ ጅራት የት ነው?» አለ። «ከኋላ ነው» አልነው። «የለም። በፊት ነው» አለ።

ቀና ብለን አየን። በእውነትም አይሮፕላኑን ወደ ላይና ወደ ታች የሚመሩት ሁለቱ አግዳሚ ሸራዎች ያሉት ከክንፎቹ ፊት ለፊት ነው። ከኋላ ያለው ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚመራው፥ ቀጥ ብሎ የቆመው መሪ ብቻ ነው። እኛ ግን ነገሩ ከዓይናችን ፊት ቆሞ ሳለ፥ እርሳስ በእጃችን ይዘን፥ ሃያ ዓመት የለመድነውን ጅራት ከኋላው ቀጥለንበት ነበር! ልማድ ዓይንን እንዴት እንደሚጋርድ ያን ጊዜ ተረዳን። ላጲሳችንን አውጥተን ፊታችን እየቀላ ጅራቱን አጠፋነው። ልጁ ግን አልሣቀብንም። ደብተሩን ከደብተራችን አጠገብ ዘርግቶ ያልተስማሙበትን ሁሉ እየፈለገ ያሳየን ጀመር።

በዚህ ዐይነት ሁለታችን የሰሌዳችንን ስሕተት አንድ በአንድ አገኘነው። አይሮፕላኑ መንኰራኵር የለውም፤ የሚያርፈው በሁለት ረጃጅም የእንጨት ተንሸራታቾች ላይ ነው። ሲነሣም በሐዲድ ላይ ተቀምጦ፥ ከማማ ላይ የሚወርድ ከባድ ክብደት በገመድ ይስበው ነበር። ፕሮፔለሮቹ ሁለት ናቸው፤ ያሉትም ከክንፎቹ በስተ ኋላ ስለ ሆነ አይሮፕላኑን የሚገፉት እንጂ የሚጐትቱት አይደሉም። አብራሪው እንደ ዛሬው በወንበር አልተቀመጠም፤ በታችኛው ክንፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ ነበር የሚበርር። ሞተሩ ከአብራሪው ጎን የሆነውም የአንዱን ክብደት በሌላው ለማመዛዘን ነው። የክንፎቹ አጥንት ቀላል እንጨት፥ ልብሳቸውም እኛ አቡጀዲ የምንለው ዐይነት የጥጥ ጨርቅ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ያስደነቀን ካቴናው ነበር። ወንድማማቾቹ ቢስክሌት ሠሪዎች ስለ ነበሩ የሞተሩን ኃይል ወደ ፕሮፔለሮቹ ያስተላለፉት እንደ ቢስክሌት በካቴና ነው። ልጁ ሁለቱን ካቴናዎች ሲሥል አንደኛው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሁለተኛው በመካከሉ ተሻግሮ መስቀልያ መሆኑን አየ። ለምን እንደ ሆነ ብንነግረው ይቀለን ነበር፤ ግን ዝም አልን። ጣቱን በሣለው ካቴና ላይ እያስኬደ ዞረ፤ ደግሞ በሁለተኛው ላይ ዞረ። ከዚያም ሁለት እጆቹን አንሥቶ አንዱን ወደ ቀኝ ሌላውን ወደ ግራ እያዞረ አሳየን። መልሱ ይኸው ነው፤ የተሻገረው ካቴና ፕሮፔለሩን በተቃራኒው ስለሚያዞረው የአንዱ ጥምዘዛ የሌላውን ያጠፋዋል። ይህን በፎቶግራፍ ብናነሣው ኖሮ በስልኩ ውስጥ ይቀመጥ ነበር እንጂ በእጁ ላይ አይገኝም ነበር።

የ1903ቱ የመጀመሪያ በረራ 12 ሴኮንድ ብቻ የቈየና 36 ሜትር ያህል የሄደ ነበር። ወደ ፊት መዝለልን እንጂ በአየር ላይ መመላለስን ገና አላስተማራቸውም። በዴይተን ያለው ሦስተኛው አይሮፕላን ግን ታላቁን ወንድም ዊልበርን ይዞ በ1905 ጥቅምት 5 ቀን 39 ደቂቃ ያህል በአየር ላይ እየዞረ 39 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ሄደ፤ የወረደውም ነዳጁ ስላለቀ ነው። በዐዋቂዎች ዘንድ ለሥራ የሚበቃ የመጀመሪያው አይሮፕላን ይህ ነው የሚባለው ስለዚህ ነው።

በአዳራሹ ያለው ነገር የሁለት ሰዎች ብቻ ሳይሆን የአንድ ቤተሰብ ታሪክ መሆኑን መግለጥ ይገባናል። አባታቸው ሚልተን ራይት በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ነበሩ። በ1878 ከመንገድ ሲመለሱ ከቡሽ፥ ከቀርከሃና ከወረቀት የተሠራ፥ በላስቲክ ኃይል እየተሽከረከረ የሚበርር ትንሽ መጫወቻ ይዘውላቸው መጡ። ልጆቹ እስኪሰበር ተጫወቱበት፤ ከተሰበረም በኋላ እያዩ ሌላ ሠሩ። እናታቸው ሱዛን የሠረገላ ሠሪ ልጅ ስለ ነበሩ በመሣሪያ መሥራት ያውቁ ነበር ይባላል። ወንድማማቾቹ በእሑድ ቀን አይበርሩም ነበር። አደጋ ቢደርስ ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዳይጠፉ ለአባታቸው ቃል ስለ ገቡም አብረው አይበርሩም ነበር። አንድ ቀን ብቻ፥ በ1910 ግንቦት 25፥ በአባታቸው ፈቃድ አብረው በረሩ። በዚያው ዕለት ኦርቪል የ81 ዓመቱን አባቱን አሳፍሮ ወጣ፤ ሽማግሌውም ከመፍራት ይልቅ ከዚያ ከፍ እንዲል ልጃቸውን ያደፋፍሩት ነበር ይባላል።

እኅታቸው ካትሪን በከተማይቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላቲን የምታስተምር መምህርት ነበረች። በ1908 ኦርቪል በዋሽንግተን አጠገብ ወድቆ በጽኑ በቈሰለና አብሮት የነበረው ቶማስ ሰልፍሪጅ የተባለ መኰንን በሞተ ጊዜ፥ ሥራዋን ትታ ወንድሟን ልታስታምም ሄደች፤ ወደ ማስተማሩም አልተመለሰችም። ታላቁ ወንድም ዊልበር ደግሞ በ1912 በታይፎይድ ሞተ፤ ዕድሜው 45 ብቻ ነበር። እኛ በሰሌዳ ላይ ሁለት ስሞችን ብቻ እንጽፍ ነበር፤ በዚያ አይሮፕላን ሽቦዎች መካከል ግን ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ እጆች አሉ።

በማግሥቱ ጧት የከተማይቱ ልጅ የሆነውን የባለቅኔውን የፖል ሎረንስ ደንባርን ቤት ከውጭ ቆመን ሣልነው። ይህ ሰው ወላጆቹ በኬንታኪ በባርነት የኖሩ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን፥ በትምህርት ቤት የኦርቪል ራይት የክፍል ጓደኛ ነበር። በ1890 ያዘጋጀውን ጋዜጣ ያተሙለትም በዚያን ጊዜ ማተሚያ ቤት የነበራቸው ራይቶች ናቸው። ጋዜጣው ብዙ አልቈየም፤ እርሱም ትምህርቱን ሲጨርስ የተሻለ ሥራ ስላላገኘ በአሳንሰር አንቀሳቃሽነት ተቀጠረ። ቢሆንም በጻፋቸው ግጥሞች በአሜሪካ ሁሉ ስሙ ተሰማ፤ በ1906 በ33 ዓመቱ ዐረፈ። ልጁ የቤቱን መስኮቶች ቈጥሮ ሲጨርስ፥ «በአንድ ክፍል?» ብሎ ጠየቀን። «አዎን፥ በአንድ ክፍል» አልነው። ከሥዕሉ በታች ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ጻፋቸው።

ከዚያ ቀጥለን ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ሃፍማን ወደ ተባለው ሜዳ ሄድን። ወንድማማቾቹ በ1904ና በ1905 መብረርን የተማሩት በዚህ የከብት ግጦሽ ላይ ነው። ባለ መሬቱ ያለ ኪራይ ፈቀደላቸው፤ እነርሱም ከመነሣታቸው በፊት ከብቶቹንና ፈረሶቹን ወደ ዳር ማስወጣት ነበረባቸው። ዛሬ በዚያ ሣር እንጂ ብዙ የሚታይ ነገር የለም። ልጁም «ምን እንሣል?» አለ። «ሜዳውን» አልነው። በረጅም ወረቀት ላይ አንድ መስመር ሠመረና ከበላዩ ባዶውን ሰማይ ተወው። ከሁለቱ ቀን ሥዕሎች ሁሉ የወደድነው ይህን ነው።

ከሜዳው ብዙም ሳይርቅ የአሜሪካ አየር ኃይል ብሔራዊ ቤተ መዘክር ይገኛል። የተጀመረው በ1923 ነው፤ ዛሬ ከ350 የሚበልጡ አይሮፕላኖችና ሚሳይሎች ሲኖሩበት ለመግቢያ ምንም አይከፈልም። በታላላቅ አዳራሾች ውስጥ እየተዘዋወርን ከጥንቶቹ ጥቂቶቹን ሣልን። ከእነርሱም አንዱ ራይቶች ቆየት ብለው ካወጡት፥ «ቢ» ከሚባለው ዐይነት የተገኘ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን አንድ የሚያብረቀርቅ ባለ አራት ሞተር አይሮፕላን ፊት ደረስን። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 43 ሜትር ነው። ስሙ ቦክስካር ይባላል። በ1945 ነሐሴ 9 ቀን የአቶሚክ ቦምቡን በናጋሳኪ ላይ የጣለው ይኸው አይሮፕላን ነው።

መጀመሪያ የታሰበችው ከተማ ኮኩራ ነበረች፤ ደመናና ጢስ ስለ ሸፈናት አይሮፕላኑ ወደ ናጋሳኪ ዞረ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ 70,000 ያህል ሰው ሞተ። ቦምቡ ከፈነዳበት ቦታ አጠገብ የኡራካሚ ካቴድራል ነበረ፤ በዚያ ሰዓት ለንስሐ የተሰበሰቡት ምእመናንና ካህናት አልተረፉም። ይህን እያሰብን ቆመን ሳለ ደብተራችንን ለመክፈት እጃችን እንቢ አለን። «ይህንን እንለፈው» አልነው። ልጁ ግን፥ «ጋሼ፥ ሕጉ አንድ ነው ብለሃል» አለን። አንቱታውን ገና ባይለምድም ነገሩ እውነት ነበርና ደብተራችንን ከፈትን።

ዝም ብለን ሣልን። እኛ ቦምቡ የወጣበትን የሆዱን መዝጊያ ብቻ ሣልን። ልጁ አይሮፕላኑን ሙሉውን ሣለው፤ ከዚያም ባለፈው ቀን የሣለውን የ1905ቱን አይሮፕላን ገልጦ፥ ሂሳቡን አስልቶ በዚያው ልክ አሳንሶ ከጎኑ ጨመረው። 12 ሜትር የሆነው ያ የእንጨትና የአቡጀዲ አይሮፕላን ከአንዱ ክንፍ እንኳ አንሶ ታየ። ልጁ ሁለቱን እያየ ጥቂት ቈየና፥ «በመካከላቸው ስንት ዓመት ነው?» አለ። «አርባ» አልነው። «ኦርቪል ይህን ሰምቷል?» አለ። «ሰምቷል፤ በ1945 በሕይወት ነበረ» ብለን መለስንለት። ከዚህ የበለጠ ልንነግረው የምንችለው ነገር አላገኘንም። የሰው ብልሃት አንድ ነው፤ የሚወስደው መንገድ ግን ሁለት ነው። ይህን በቃል ብናስተምረው ኖሮ እንደ ሌላው ምክር ሁሉ «እሺ» ብሎ ባለፈው ነበር። አሁን ግን ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ የሣላቸው ራሱ ነው።

ማታ ወደ ኮሎምበስ ስንመለስ ልጁ በመኪናው ውስጥ ስልኩን አላወጣም። «ካቴና» «ክንፍ» «ሐዲድ» «መሪ» እያለ ቃሎቹን ይጠይቀን ነበር፤ እኛም ፊደሉን እየነገርነው በሥዕሎቹ ጎን ጻፋቸው። የ«ኀ»ን እና የ«ሐ»ን ልዩነት ባለመለየቱ አልገሠጽነውም። በቤት ስንደርስ ደብተሩን ለእናቱ አሳይቶ፥ «እማዬ፥ ይኼ ካቴና ነው። አንዱ የተሻገረ ነው» ብሎ በአማርኛ ነገራት። እኅታችን ደብተሩን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ ገለጠችው፤ ለእኛ ግን ምንም አላለችም።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፥ ይህን ያወራነው ሁሉ ሰው አሜሪካ ድረስ ይሂድ ለማለት አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር ቅርብ ነው፤ በየክፍላተ ሀገሩም ሌሎች አሉ። ወደዚያ ልጆቻችሁን ስትወስዱ በየክፍሉ ከማስሮጥ ይልቅ አንድ እርሳስ አስይዟቸውና በአንድ ዕቃ ፊት ግማሽ ሰዓት አስቁሟቸው። ቤተ መዘክር በሌለበትም ቤታችሁ አለ። ልጃችሁ ሞፈርና ቀንበሩን ይሣል፤ እርፉን፥ ድግሩን፥ ወገሉን፥ ማረሻውን በየስማቸው ይጻፍ፤ የቱ በየቱ ውስጥ እንደሚገባ ይቍጠር። ሥዕሉ ባያምርም ምንም አይደለም፤ የእኛም አላማረም። ጥቅሙ ከወረቀቱ ላይ ሳይሆን ከዓይኑ ዘንድ ነው። እናንተም አብራችሁት ሣሉ፤ ልጅ ታላቁን ማረም የሚችልበት ስፍራ ባገኘ ጊዜ አንደበቱ ይፈታልና።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት በተከፈተ ጊዜ የቀድሞውን ሥዕላችንን በሰሌዳ ላይ ከሣልን በኋላ ተማሪዎቻችን ፊት አጠፋነውና፥ «ሃያ ዓመት የሣልነው ይህ ስሕተት ነበር» ብለን ትክክለኛውን ሣልንላቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፥ «ታዲያ ጅራቱ ወደ ኋላ የዞረው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችን። ዓመቱን እንደምናውቀው ነገርናት፤ «ቢ» የተባለው የራይቶች ዐይነት በወጣበት በ1910 ነው። እንዴት እንደ ዞረ ግን በሥዕል ማሳየት ነበረብን፤ በደብተራችን ደግሞ ያን አይሮፕላን ከፊቱ ብቻ ሥለነው ነበር። ስለዚህ ወደ ኮሎምበስ ጻፍን።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። ልጁ አይሮፕላኑን ከጎኑ ሥሎት ኖሮ ገጹን ልኮልናል፤ ጅራቱ ከኋላ ነው፤ በቀስት አመልክቶ በአማርኛ ፊደል «እዚህ ነው፥ ጋሼ» ብሎ ጽፎበታል። ያን ወረቀት ከሰሌዳው አጠገብ ለጥፈነዋል።